ብሬት ዋይንስታይን፦ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች

ሳምንት አይሞላም፣ አንዱ ዘመድ ቴሌግራም ላይ ክሊፕ ይልክልኛል። ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ፈረንጅ ነው። ከሥሩ በአማርኛ «ታዋቂው የባዮሎጂ ፕሮፌሰር እውነቱን አፈረጠው» ምናምን ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «አንተ ባዮሎጂ ተምረሃል፣ ይሄ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ ሁሉንም እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ማነው?

ብሬት ዋይንስታይን ይባላል። በ1969 ሎስ አንጀለስ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ሙያው የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ሲሆን፣ ዶክትሬቱን በ2009 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። በዋሽንግተን ስቴት ኦሊምፒያ ከተማ ባለው ኤቨርግሪን ስቴት ኮሌጅ ወደ 15 ዓመት ገደማ አስተምሯል። ኦሊምፒያ ማለት ሲያትል ያላችሁ ታውቋታላችሁ፣ ወደ ደቡብ ስትነዱ ከታኮማ ቀጥላ ያለችው ናት። በ2017 ከኮሌጁ ወጣ። አሁን ከባለቤቱ ከሄዘር ሄይንግ ጋር «ዳርክሆርስ» የሚባል ፖድካስት ያዘጋጃል። እሷም የባዮሎጂ ምሁር ናት፣ እዚያው ኮሌጅ አብረው ያስተምሩ ነበር፣ አብረውም ለቀቁ።

ያ የሆሊውዱ የፊልም ሰው፣ ሃርቪ ዋይንስታይን፣ ዘመዱ ነው?

አይደለም። ስማቸው ብቻ ነው የገጠመው። ወንድሙ ኤሪክ ዋይንስታይን ነው፣ የሒሳብ ሰው። የቢሊየነሩ የፒተር ቲል የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። እሱም የራሱ ፖድካስት ነበረው፣ እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

ለምን «እሳቸው» አትልም? ፕሮፌሰር አይደሉም እንዴ?

ይሄን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት፣ ጥያቄዋን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ኤቨርግሪን ለየት ያለ ኮሌጅ ነው። ተማሪው መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው፣ ኤ ቢ ሲ የሚባል ማርክ የለም፣ በምትኩ መምህሩ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ የጽሑፍ ግምገማ ይጽፋል። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚል የማዕረግ መሰላልም የለውም። ብሬት እዚያ «ብሬት» ነበር።

ግን ነገሩ ከአጠራር ያልፋል። እኛ ጋ «ፕሮፌሰር» የሚለው ቃል ሲነገር ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ክሊፕ ቆርጠው የሚለጥፉት ሰዎች ይሄን አሳምረው ያውቃሉ። ማዕረጉን ከፊት ይሰቅሉታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አይጠይቅም። የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ስለ መድኃኒት ከተናገረ አለቀ ማለት ነው። የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ግን ሌላ ሙያ ነው። እንስሳት ለምን እንዲህ ሆኑ፣ ለምን ያረጃሉ፣ ለምን ይህን ባህርይ አመጡ የሚለውን ያጠናል። አንድ ክኒን ሰው ያድናል ወይስ አያድንም የሚለውን የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው፣ በሌላ መንገድ።

ኤቨርግሪን ላይ በትክክል ምን ተፈጠረ?

ኮሌጁ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «የመቅረት ቀን» የሚባል ልማድ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከአንድ የ1960ዎቹ ቴአትር ነው። በቴአትሩ አንዲት የደቡብ አሜሪካ ግዛት ከተማ አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ጥቁር ነዋሪዎቿ በሙሉ የሉም፣ ነጮቹም ያለ እነሱ ሕፃን ማባበል እንኳን አቅቷቸው ይተረማመሳሉ። ኤቨርግሪን ላይም ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎችና ሠራተኞች በዓመት አንድ ቀን ከግቢ ይወጡና ስለ ራሳቸው ጉዳይ ይወያዩ ነበር።

በ2017 ይሄ ተገለበጠ። ትራምፕ ገና መመረጡ ነው፣ አየሩ ሁሉ ውጥረት ነው፣ አዘጋጆቹ በዚህ ዓመት ነጮቹ ይውጡ፣ ሌሎቻችን ግቢ እንቆይ አሉ። ዋይንስታይን በመጋቢት ለሠራተኞች በኢሜይል ተቃውሞውን ጻፈ። ክርክሩ አጭር ነበር፦ አንድ ወገን በራሱ ፈቃድ ልውጣ ማለቱ አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን ወገን ውጣ ማለት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ የዚያን ቀን ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ከዚያ በፊትም የኮሌጁ አስተዳደር ያቀረበውን የእኩልነት ዕቅድ ሲቃወም ስለከረመ ከአንዳንድ ባልደረቦቹ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ክሊፖቹ የማይነግሯችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መውጣቱ በፈቃደኝነት ነበር። የወጡትም ፕሮግራም ተዘጋጅቶላቸው ነበር፣ ግቢ የቆየም ነጭ አልተቀጣም። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ የተቆጡት በኢሜይሉ ብቻ አልነበረም። በ2015 እዚያው ኦሊምፒያ አንድ ፖሊስ መሣሪያ ያልያዙ ሁለት ጥቁር ወንድማማቾችን ተኩሶ አቁስሎ ነበር፣ አንደኛው መራመድ ተሳነው። በግንቦት 2017 ደግሞ የግቢው ፖሊስ ጥቁር ተማሪዎችን በእኩለ ሌሊት ወስዶ ጠይቋል። ብሶቱ ተጠራቅሞ ነበር። የፈነዳው እሱ ላይ ነው።

ግንቦት 23 ቀን ወደ 50 የሚሆኑ ተማሪዎች ከሚያስተምርበት ክፍል ውጭ ከበቡት። ሥራ ይልቀቅ፣ ይባረር እያሉ ጮኹበት። እሱ ላስረዳችሁ ሲል ማንም አልሰማውም። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ነው፣ እኔም ሳየው ሰውዬው ቆሞ መልስ ለመስጠት መሞከሩን አደንቃለሁ። የግቢው ፖሊስ ኃላፊ ደህንነትህን ማረጋገጥ አልችልም ስላለችው ትምህርቱን ከተማው መናፈሻ ወስዶ አስተማረ። ተማሪዎቹ የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ያዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ዋይንስታይን ፎክስ ኒውስ ላይ በተከር ካርልሰን ፕሮግራም ቀረበ፣ ነገሩም አገር አቀፍ ሆነ። ወዲያው ከቀኝ በኩል ስድብና ዛቻ ተማሪዎቹና ሌሎች መምህራን ላይ ይዘንብ ጀመር። ሰኔ 1 አንድ ሰው በስልክ ግቢ ገብቼ ሰው እገድላለሁ ብሎ ስለዛተ ኮሌጁ ለቀናት ተዘጋ። ምረቃው እንኳ ግቢው ውስጥ አልተደረገም፣ ታኮማ የቤዝቦል ስታዲየም ተወሰደ።

የኔ ፍርድ? ኢሜይሉ ላይ ልክ ነበር። ሰውን በቀለሙ ለይቶ ዛሬ ባትመጣ ደስ ይለናል ማለት፣ በፈቃደኝነትም ቢሆን፣ ጥሩ ልማድ አይደለም። በተማሪዎቹም የደረሰበት ነውር ነው። ይሄን ሳልሸሽግ የምለው ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ሰውዬውን ስለጠላሁት ነው እንዳትሉኝ ነው።

ታዲያ ተባረረ?

አልተባረረም። ከባለቤቱ ጋር ኮሌጁ አልጠበቀንም ብለው የ3.85 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቁ። በመስከረም 2017 በ500,000 ዶላር ተስማሙ፣ ከዚህ ውስጥ 50,000ው ለጠበቃ ነው። ኮሌጁ ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ። ኮሌጁ ራሱ ተጎድቷል፣ 4,000 ገደማ የነበረው የተማሪ ቁጥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ3,000 በታች ወርዷል። ቁጥሩ ቀድሞም መቀነስ ጀምሮ ስለነበር ሁሉንም በዚህ ማሳበብ ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ራሱን «በስደት ያለ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጠራ ጀመር። ስደትን ከነትርጉሙ ለምናውቅ ሰዎች ቃሉ ትንሽ በዛ። ይሁን።

ከመምህርነት እንዴት ወደዚህ ገባ?

እኔ ስለሱ ሳስብ አንድ የወጣትነት ታሪኩን አልረሳም። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ ሳለ አንድ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር በድግስ ላይ ሴቶችን እንዳዋረደ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ጽፎ አጋለጠ። ዛቻና ማስፈራሪያ ወረደበት። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ ሳንታ ክሩዝ ካሊፎርኒያ ሄዶ ጨረሰ። ያኔም ብቻውን ነበር፣ ያኔም ልክ ነበር። በ48 ዓመቱ ደግሞ ኤቨርግሪን ላይ ይኸው ተደገመ።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያወግዝህ አንተ ልክ ከሆንክ፣ በሦስተኛው ሰው ሁሉ ሲያወግዝህ ምን ትላለህ? እሱ ያለው ይመስለኛል «አሁንም ልክ ነኝ ማለት ነው»። ከዚያ ወዲያ ውግዘቱ ራሱ ማስረጃ ሆነለት።

መንገዱ ደግሞ የተጠረገ ነበር። ታዋቂው የፖድካስት አዘጋጅ ጆ ሮጋን ደጋግሞ ጋበዘው። በ2018 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወንድሙ ኤሪክ ስም ባወጣለት የአፈንጋጭ ምሁራን ስብስብ ውስጥ አድርጎ ስለሱ ጻፈ። በ2019 ዳርክሆርስን ጀመረ። ኮቪድ ሲመጣና ሰው ቤቱ ሲዘጋበት እሱና ሄዘር በየሳምንቱ ካሜራ ፊት እየተቀመጡ ሰዓታት ማውራት ጀመሩ። አድማጩ ጎረፈ። በ2021 አብረው የጻፉት መጽሐፍም በደንብ ተሸጠ።

በሳይንስ በኩል የሚረባ ነገር ሠርቷል?

ሠርቷል፣ ያውም አሪፍ ሐሳብ ነው። ቴሎሜር የሚባል ነገር አለ። የጋቢ ጫፍ እንዳይተረተር እንደሚቋጠረው፣ ክሮሞሶማችንም ጫፉ ላይ እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር አለው። ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ይህ ጫፍ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፋፈል ያቆማል። ይህ ካንሰርን ይገታል፣ ምክንያቱም ካንሰር ማለት መከፋፈል አላቆም ያለ ሴል ነው። ግን ዋጋ አለው፦ መከፋፈል ያቆመ ሴል ቁስል አይጠግንም፣ ያረጀ ሥጋ አይተካም። ስለዚህ ወይ ካንሰር ወይ እርጅና፣ ሁለቱንም ማምለጥ የለም። ይህን ሐሳብ በ2002 ከሌላ ተመራማሪ ጋር አሳትሞታል።

በዚሁ ሐሳብ ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። የላብራቶሪ አይጦች ቴሎሜራቸው ከልክ በላይ ረጅም ነው። ምናልባት ያ የሁሉም አይጥ ባሕርይ ሳይሆን፣ ላብራቶሪ ውስጥ በልጅነታቸው ብቻ እንዲወልዱ ተደርገው ለብዙ ትውልድ ስለቆዩ የመጣ ነው ብሎ ጠረጠረ። የዱር አይጥ ዝርያዎች ሲለኩ ቴሎሜራቸው አጭር ሆኖ ተገኘ፣ ውጤቱም በ2000 ታተመ። እሱ ሐሳቡን ለላብራቶሪው የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አልተመሰገንኩም ይላል። ይሄ የሱ ወገን ታሪክ ነው።

ችግሩ ከዚህ ተነስቶ የሚሄድበት ርቀት ነው። አይጦቹ ጉዳትን የመጠገን አቅማቸው ከልክ በላይ ስለሆነ መርዛማ መድኃኒት ሳይቀር ደህና መስለው ያሳልፋሉ፣ ስለዚህ የመድኃኒት ቁጥጥሩ ሁሉ የተበላሸ ነው ይላል። አንድ መድኃኒት ግን በአይጥ ብቻ ተፈትኖ ገበያ አይወጣም። ሌሎች እንስሳት አሉ፣ ከዚያ ሰዎች ላይ በደረጃ በደረጃ የሚደረግ ሙከራ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ መልሱን ሳይጠብቅ ጉልላቱን ሠራበት።

አይቨርሜክቲን ይሠራል ብሏል። ይሠራል?

ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት አዎ። ለእከክ አዎ። ለኮቪድ አይ።

ጅማ፣ ከፋ፣ ቤንች አካባቢ ያደጋችሁ መድኃኒቱን ሜክቲዛን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ በዘመቻ ይታደላል። የምታድለው ልጅ ቁመት መለኪያ እንጨት ይዛ ትመጣለች፣ አጠገቡ ታቆምሃለች፣ በቁመትህ ልክ ፍሬ ቆጥራ ትሰጥሃለች። ወንዝ ዳር የምትናከሰዋ ትንሽ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈውን ትል ነው የሚመታው። አምራቹ ሜርክ ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ስለዚህ በ2021 የአሜሪካ ሚዲያ «የፈረስ መድኃኒት» እያለ ሲያሾፍ በጣም ነው የተናደድኩት። የኛ ሰው በሚሊዮን የሚወስደው የሰው መድኃኒት ነው። ያ ፌዝ ደግሞ ማንንም አላሳመነም፣ ይልቁንስ «የሚደብቁን ነገር አለ» ለሚሉት ጥይት አቀበለ።

ዋይንስታይን ያለው ግን ይህን አልነበረም። በ2021 ክረምት አካባቢ መድኃኒቱ ቀድሞ ከተወሰደ ኮቪድን መቶ በመቶ ሊባል በሚችል መጠን ይከላከላል አለ። እሱና ሄዘር ክትባቱን እንዳልወሰዱ፣ አይቨርሜክቲን እየወሰዱ እንደሆነም ለአድማጭ ተናገሩ። በዚያ ሰዓት ከሚጠቀሱት ጥናቶች ትልቁ ከግብፅ የወጣ ነበር፣ መረጃው አጠራጣሪ ሆኖ በሐምሌ 2021 ከድረ ገጽ ተነሣ። ከዚያ ትልልቆቹ ሙከራዎች መጡ። ብራዚል ውስጥ 1,358 ታማሚዎች ላይ የተሠራው በመጋቢት 2022 ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 14.7 በመቶው ሆስፒታል ገቡ ወይም ድንገተኛ ክፍል ቆዩ፣ ካልወሰዱት 16.3 በመቶው። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1,500 በላይ ሰው ላይ የተሠራውም ታማሚው ቶሎ እንደማይድንበት አሳየ። እሱ መጠኑ አንሷል፣ ዘግይቶ ነው የተሰጠው ብሎ ተከራከረ። መከራከር መብቱ ነው። ያን መቶ በመቶ ሲል የነበረ ሰው ግን በትንሹ መቶው ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ነበረበት።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። አንዳንድ ትንንሽ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት ያሳዩት ለምንድነው? ኋላ የታተመ አንድ ትንታኔ እንዳለው፣ የሆድ ትል በብዛት ባለባቸው አገሮች የተሠሩት ናቸው የተሻለ ውጤት ያሳዩት። ለኮቪድ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ሲያወርደው ትሉ ይባዛና በሽተኛውን ሊገድል ይችላል። አይቨርሜክቲን ትሉን ይገድላል። ማለትም ሰውየው የዳነው ከትሉ ነው ማለት ነው። ይሄ ለኛ አገር ሐኪም ትልቅ ትምህርት ነው፣ የዩቲዩብ ክሊፕ ግን አይወጣውም።

ዩቲዩብ ለምን ቀጣው?

በሰኔ 2021 የማስታወቂያ ገቢውን ቆረጠው፣ አንዳንድ ቪዲዮዎቹንም አነሣ። ምክንያት የተባለው የኮቪድ የተሳሳተ መረጃ ነው። እሱ በዚያው ወር ጆ ሮጋን ጋ ሄዶ አማረረ፣ ያ ደግሞ ከዩቲዩብ የሚበልጥ መድረክ ነው። ለኔ ቅጣቱ ስህተት ነበር። ቪዲዮ ማጥፋት ክርክር አያሸንፍም፣ የኤቨርግሪንን ቁስል ለያዘ ሰው ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ ነው።

ቫይረሱ ከላብራቶሪ ወጣ ያለውስ? ልክ ነበር አይደል?

በ2020 መጀመሪያ ላይ ይህን ማንሳት እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። እሱ ቀድሞ የሌሊት ወፍ አጥንቶ ስለነበር በሙያው ተመርኩዞ ጥያቄው ይታይ አለ። ጥያቄው መታየት ነበረበት፣ እዚህ ላይ ክብር ይገባዋል። መልሱ ግን እስካሁን አልተዘጋም። በ2022 የወጡ ጥናቶች ወደ ዉሃኑ የሁዋናን ገበያ ይጠቁማሉ። የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል፣ ኤፍቢአይ ወደ ላብራቶሪው ያዘነብላል፣ ሲአይኤም በ2025 መጀመሪያ ላይ በዝቅተኛ እርግጠኝነት እዚያው ገባ፣ ሌሎች ደግሞ ከተፈጥሮ ነው ይላሉ። «መጠየቅ ይገባል» ያለ ሰው ልክ ነው። «ተረጋግጧል» የሚላችሁ ሰው ግን ቸኩሏል።

ክትባቱ 17 ሚሊዮን ሰው ገደለ ያለው እሱ ነው?

ቁጥሩን ያወጣው እሱ አይደለም። በጥር 2024 ተከር ካርልሰን ጋ ቀርቦ እንደ ታማኝ ግምት ጠቀሰው። የመጣው በ17 አገሮች የሞት ቁጥር ላይ ከተሠራ፣ በሌሎች ሳይንቲስቶች ካልተገመገመ ሪፖርት ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ተጨማሪ ክትባት የተሰጠበትን ወርና ሞት የጨመረበትን ወር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ ገዳዩ ክትባቱ ነው ይላል። በነዚያው ወራት ግን ኦሚክሮን ዓለምን እያጥለቀለቀ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይበዛል፣ ጃንጥላ ግን ዝናብ አያመጣም።

ክትባቱ ምንም ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ የልብ ጡንቻ መቆጣት አልፎ አልፎ ታይቷል፣ የጤና ባለሥልጣናትም አምነዋል። በሌላ በኩል በ2022 በታተመ ጥናት ክትባቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሞት እንዳዳነ ተገምቷል።

ስለ ኤችአይቪ የተናገረው እውነት ነው?

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

በየካቲት 2024 ከጆ ሮጋን ጋር ሲያወሩ፣ ኤድስ የሚመጣው በኤችአይቪ ላይሆን ይችላል የሚለውን አሮጌ ክርክር አነሡ። ዋይንስታይን ማስረጃው ካሰበው በላይ አሳማኝ ሆኖ እንዳገኘው ተናገረ። ይህ ክርክር በ1987 ፒተር ዱስበርግ የሚባል የበርክሊ ሳይንቲስት የጀመረው ነው። ቫይረሱ ጉዳት የለውም፣ ሰውን የሚገድለው አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒቱ ራሱ ነው ይል ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ጆሮ ሰጡት። መድኃኒት ዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ስሌት ከ2000 እስከ 2005 ከ330,000 በላይ ሰው በዚህ የተነሣ ያለ ጊዜው ሞቷል።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1990ዎቹ ስንት ለቅሶ ቤት ገብተናል፣ «ሳንባ ነው»፣ «በድንገት ነው» እየተባለ። ከ2005 ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አልጋ ላይ የተኛ ሰው ተነሥቶ ሥራ ሲገባ በዓይናችን አየን። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ መድኃኒት አቁሙ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፣ በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ነፍስ እንዳዳነ መቁጠር አይቻልም። ቫይረሱ ያላት እናት መድኃኒቷን እየወሰደች ነፃ ልጅ መውለድ ትችላለች። መድኃኒቱ የሚመታው ቫይረሱን ነው፣ ቫይረሱ ሲወርድ የሰውየው ጤና ይመለሳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስለዚህ ይህችን ክሊፕ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ የምትልኩ፣ ግሩፑ ውስጥ ማን መድኃኒት ላይ እንዳለ አታውቁም። አጥፏት።

ዶክተር ቴድሮስን ለምን ያነሳቸዋል?

የሚያነሳው የዓለም ጤና ድርጅትን ነው፣ በተለይ የወረርሽኝ ስምምነቱን። ስምምነቱ የአገሮችን ሉዓላዊነት ይወስዳል ብሎ ተከራክሯል። በግንቦት 2025 የጸደቀው ጽሑፍ ግን ድርጅቱ አገር ዝጉ፣ ክትባት አስገድዱ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ያስቀምጣል።

ግራ ነው ወይስ ቀኝ?

ራሱን ግራ ዘመም ተራማጅ ነኝ ይል ነበር፣ የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊ ነበር። በ2020 ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው አጣምሮ ለፕሬዚዳንትነት ለማስወዳደር ሞክሮ አልተሳካለትም። በመስከረም 2024 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ክትባትን በመተቸት የሚታወቁት፣ ያኔ ትራምፕን የደገፉት ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር የተናገሩበትን ሰልፍ ካዘጋጁት አንዱ ነው። ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ እናንተው ፍረዱ።

ውሸታም ነው?

አይመስለኝም። የሚለውን ያምነዋል፣ አደጋውም እሱ ነው። ድምፁ ላይ ማጭበርበር አይሰማም፣ ጨዋ ነው፣ «ልሳሳት እችላለሁ» ይላል። ግን «ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ሁለት ሰዓት እንደማይሳሳት ሰው ያወራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ባልደረባ ኮሪደር ላይ አስቁሞ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄኛው አያስኬድም» ይለው ነበር። አሁን አጠገቡ የምትቀመጠው ባለቤቱ ናት፣ ከፊቱ ያለው ካሜራ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ አለበት።

አንተ ራስህ ታዳምጠዋለህ?

አንዳንዴ። ስለ ሌሊት ወፍ፣ ስለ እርጅና፣ ወፎች ለምን እንደሚዘምሩ ሲያወራ ጥሩ አስተማሪ እንደነበር ይታወቃል፣ ተማሪዎቹ ለምን እንደወደዱት ይገባኛል። «እነሱ» የሚለው ቃል ሲበዛ ግን አጠፋዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በ11ኛው ደቂቃ ነበር።